አሮጊቷ እስክትነሳ

«እትዬ፣ ስሚኝ፤ አዲስ እገዛልሻለሁ። ይቺን ለብረት ገዢ ስጪና ተገላገይ!»

የሟች ታናሽ ወንድም ይህን ያለው በሹክሹክታ ነው፤ የእሱ ሹክሹክታ ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ለቀስተኞቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ ጥጉ ዞሩ። እዚያ አንሶላ የለበሰ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ይባስ ብሎ አንዱ ግዴለሽ ትሪ አስቀምጦበታል።

ኮምፒውተሯ የሟች ሚስት የታይፒስቷ ናት። ደክሟታል። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሲነጋም «ያጥናሽ»፣ ሲመሽም «ያጥናሽ»፤ ሥራዋ አንገቷን መነቅነቅ ብቻ ሆኗል። በዚያ ላይ ሥራ የሚሰጣት የማተሚያ ቤት ባለቤት ሊያለቅስ መጥቶ፣ ከልቡ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ «የፈተናው ወረቀት ለሰኞ ይደርሳል አይደል?» ብሏት ሄዷል። ካልደረሰ ለሌላ ይሰጠዋል። ያ ሥራ ከሄደ ደግሞ የቤቷ እንጀራ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ኮምፒውተሯ ተጭና እስክትከፈት ሻይ ይፈላል፣ ይጠጣል፣ ብርጭቆው ይታጠባል። ሟች «አሮጊቷ» ብሎ ስም አውጥቶላት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበርና፣ የሥራ ካፖርቱን እየቆለፈ «በይ እስቲ፣ አሮጊቷን ቀስቅሻት» ይላል። ሚስት ቁልፉን ትጫናለች፤ ባል ከጎኗ ይቀመጣል፤ አሮጊቷ እስክትነሳ ያወራሉ። አይ ወሬ! አውቶቡስ ውስጥ ስለተጣሉት አማትና ምራት፣ ስለሚያፈሰው ቧንቧ፣ ስለ ሰው ሁሉ። ከተነሳች በኋላማ ታይፒስቷ እንዳቀረቀረች ነው የምትውለው። ማታ ቀና ስትል እሱ እንቅልፍ ጥሎት ታገኘዋለች።

«ነፍሱን ይማረውና፣ ቋጣሪ ነበር» አለች አንዲት ጎረቤት አጠገቧ ላለችው ሴት። «ሚስቱ በዚህ ቅራቅንቦ ስትሰቃይ እጁን አንድ ቀን ኪሱ አልከተተም።»

ታይፒስቷ ሰማች። የከፋው ነገር በሆዷ መስማማቷ ነው። አምና እሷው ናት ከገዛ ገንዘቧ ኮምፒውተሯን የሚያፈጥን ሚሞሪ የገዛችው። እጁ ለብልሃት አይሰንፍምና «አስገባልኝ» ብላ ሰጠችው፤ «ገብቷል» አላት። አሮጊቷ ግን ያችው አሮጊት! ታይፒስቷ ሻጩ ሱቅ ሄዳ፣ «ሌባ!» ብላ መንደር አሰምታ ተመለሰች። ባሏ በዚያ ቀን ሳቁን ያፈነበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባትም።

ወንድምየው «ቆርጦ ይንገረን» ብሎ የጠራው ጠጋኝ ከሰዓት በኋላ መጣ። ነፍስ ይማር አለ፤ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፤ ከዚያ ትሪውን አንስቶ የኮምፒውተሯን ክዳን ፈታ።

«አዲስ ምን ያደርግልዎታል፣ እናቴ? የጎደላት ሚሞሪ ነው። እሱም ይኸው፣ ሆዷ ውስጥ!»

ከክዳኑ ጀርባ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ማሸጊያው ያልተነካ ሚሞሪ አሳያት።

«ወይ ወንድሜ!» አለ ታናሽየው። «ስንፍናው! ዛሬ ነገ ሲል…»

«ተው፣ ስንፍና አይደለም» አለች።

አሁን ትዝ አላት። ሚሞሪውን የሰጠችው ጠዋት «ይሄ ሲገባ ምን ያህል ትፈጥናለች?» ብሏት ነበር። «ገና ሳልቀመጥ ትከፈታለች ነው የሚሉት» አለችው። በመዳፉ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «እና እኛ መቼ ልናወራ ነው?» አለ። ቀልድ መስሏት ስቃ ነበር።

«እኔን ፈልጎ ነው» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ቋጣሪ አትበሉት። ከእኔ ጋር ለማውራት ነው።»

ጎረቤቲቱ ብርጭቆዋ ውስጥ አቀረቀረች።

ጠጋኙ ሚሞሪውን አስገባና ቁልፉን ተጫነ። እውነትም ታይፒስቷ ወንበሯን ሳትስብ ተከፈተች።

«ይኸው! የአዲሱም ወጪ ቀረ!» አለ ወንድምየው።

ታይፒስቷ ስክሪኑን ፈዝዛ አየችው። 

«አውጣልኝ» አለችው ጠጋኙን።

«እንዴ! ምኑን?»

«ከሐዘን እስክወጣ ብቻ። ከዚያ መልሰህ ታስገባዋለህ።»

«እትዬ፣ የሰኞው ሥራስ?»

«ማልጄ እነሳለሁ። ይደርሳል።»

ጠጋኙ ወንድምየውን አየው፤ ወንድምየው ትከሻውን ሰበቀ። ሚሞሪው ወጣ። ታይፒስቷ ቁልፉን ተጫነችና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። አሮጊቷ እያቃሰተች መንቀሳቀስ ጀመረች።

ወንድምየው ከቀብሩ ወዲህ ድንኳን ሲያስተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ፣ ሰው ሲሸኝ፣ እዚህ ቤት አንዴም አረፍ ብሎ አልተቀመጠም። አሁንም ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ።

«ምን ምን ነበር የምታወሩት?» አላት በመጨረሻ። ይህቺኛዋ እውነተኛ ሹክሹክታ ነበረች።

«ብዙውን ጊዜ ስላንተ» አለችው፣ ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀችለት።