አሟሟቱን በአማርኛ

እሷ ስትገባ ወሬው ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ለቀስተኛው ከመጣ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አሮጊቷ ውኃ የያዘውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ዷ! አድርጋ አስቀመጠች። ሟቹን የወለደችው እሷ፣ አሟሟቱ ግን ከእሷ በቀር ለሁሉ የተነገረ! ፊደል አልቆጠረች ይሆናል፤ ፊት በማንበብ ግን ማንም አይቀድማትም። የልጇ የሥራ አለቃ አፉን የፈታው በአማርኛ ሆኖ ሳለ፣ እሷን ሲያይ ብቻ ምላሱ ባሕር ይሻገራል።

የልጅ ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ማድቤት ጎተተቻት።

«ምን አለ ደግሞ?»

«አባዬ አለፈ አለ፣ እማማ።»

«ያ ኮፍያ ያጠለቀውስ?»

«ወደተሻለ ቦታ ሄደ።»

«በር ላይ በስልክ ሲንሾካሾክ የነበረውስ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ባልዲውን ረገጠ… አባባላቸው ነው። ሞተ ማለት ነው፣ ግን የብልግና።»

«የምን ባልዲ? አባትሽ አሳንሰር ጠጋኝ እንጂ ውኃ ቀጂ ነበር?»

ልጅቷን በእንባዋ መሀል ሳቅ አመለጣት። «ሁሉም ያው ሞተ ነው። እንዳይከብድ ነው የሚሸፍኑት።»

«መሸፈኑን ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? እኛስ አረፈ፣ አሸለበ እንል የለ! ግን አረፈ ብለን ስናበቃ፣ ‹ምን አግኝቶት?› ላለን እንመልሳለን። የእነዚህን ግን ስገልጠው ሌላ መሸፈኛ ነው።»

ልጇ እንዲህ አልነበረም። አባቱ የሞተ ለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ትንሽ አሞታል» እያለ ሲያባብላት፣ ገና ጥርሱን ያልነቀለው ልጅ ቀሚሷን ይዞ፣ «አባዬ ሞቷል። ግድግዳ ተደርምሶበት ነው» ያላት እሱ ነው። ካደገም በኋላ፣ «ይህ ገመድ ሰው አይሸከምም» እያለ ከአለቃው ጋር ሲናቆር መዋሉን እራት ላይ ያጫውታት ነበር።

አሁን «ልቡ ቆመ» ይሏታል። ልቡ የቆመ ሰው ጫማ ከሥራ ቦታው ለምን ታጥቦ መጣ?

«አለቃውስ እናትሽን ምን አላት?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «‹ለእማማ እንዳትነግሯት፣ አትችለውም› አላት።»

አሮጊቷ ወደ ሳሎን ተመለሰች። አለቃው ሊሄድ ኮቱን አንስቷል። ከእጁ ወሰደችና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ቀስ ብላ አጣጠፈችው።

«እንግዲህ እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ። እኔ ልነሳ…»

«ያጽናኝ። አንተ ግን ቁጭ በል። ገመዱ ሲበጠስ ልጄ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነበር? በአማርኛ ንገረኝ።»