ውኃ የሚይዝ ጉድጓድ

ጎሳዬ የኮንክሪት ሰሌዳውን አሥረኛ ጉድጓድ በሲሚንቶ ደፍኖ በካዙላው ሲያለሰልስ ሔርሞን ከበሩ ጀምራ እየጮኸች መጣች።

«ጋሼ ጎሳዬ! ኧረ ስቶፕ ያድርጉ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ተበሳስቶ ወጣ እኮ። ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«እንዲበሳሳ ነዋ ዲዛይን ያደረግኩት! ቤት ነው።»

«የማን ቤት?»

«የሸርጣን፣ የቀንድ አውጣ፣ የትንንሽ ዓሣ።»

ኮሎምበስ አጠገብ፣ ግሮቭፖርት ባለው የኮንክሪት ፋብሪካ ለአሥራ አንድ ዓመት የጎሳዬ እንጀራ ቀዳዳ መድፈን ነበር። እሱ የለሰነው ግድግዳ ፊት ያሳያል ይባልለታል። ኮሎምበስ ያደገችው ይህች ወጣት ዲዛይነር ግን የባሕር ማዕበል መከላከያ ግንብ ላይ የሚለጠፍ፣ የባሕር ፍጥረት የሚጠለልበት ሰሌዳ አመጣችበት። ይህ ናሙናው ነው፤ ነገ በዚሁ ሞልድ፣ በዚሁ ቅርጽ ማውጫ፣ የአርባ ሰሌዳ ኮንክሪት ይሞላል።

እያፈረ ያልደረቀውን ሲሚንቶ በጣቱ ጠረገ። ጠርጎ ሲጨርስ ጣቱ ከመጨረሻው ጉድጓድ አልወጣ አለው፤ የሆነ ነገር እስኪቆነጥጠው የሚጠብቅ ይመስል። ከዚያ ሰሌዳውን ቀጥ አድርጎ አቆመና ከውኃ መጠጫው አፈሰሰበት። ውኃው ከየጉድጓዱ ተንዠቅዥቆ አለቀ።

«አየሽ? ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው አብሮ ይወጣል። ቤትሽ የገባ ሁሉ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቀራል። ጉድጓዱን ወደ ውጪ አዘንብለሽዋል፤ ወደ ውስጥ አዘንብይው፣ እንደ ኩባያ ይያዝ።»

ሔርሞን የአቧራ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። «የት አዩት ይሄን?»

«አሰብ። አባቴ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ግንቡ ቀዳዳ ውስጥ ጣታችንን እንከታለን። ሸርጣን የቆነጠጠው ለሁላችንም ለስላሳ ይጋብዛል።»

«እርስዎ ስንቴ ጋበዙ?»

«አባቴን አከሰርኩት።»

ሳቀች። «በቃ፣ ሞልዱን እንቀይራለን። በሚቀጥለው ወር ሰሌዳው ግንቡ ላይ ሲለጠፍ ግን አብረውን ይምጡ። ውኃ መያዙን ማን ያይልኛል?»

ጎሳዬ ካዙላውን አንሥቶ መጥረግ ጀመረ። ጦርነቱ ከአሰብ ሲያስወጣው አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አሰብን ደግሜ ሳላይ ሌላ ባሕር አላይም ብሎ ምሏል። ሚስቱ ብርነሽና ልጆቹ ፍሎሪዳ እንሂድ ሲሉት ነድቶ ወሰዳቸው እንጂ፣ እነሱ ሲዋኙ እሱ መኪናውን ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ጨው የሚሸተው ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። «አባታችሁ ጨው ነው፤ ውኃ ካየ ይሟሟል» ብላ ብርነሽ ሳቀችበት።

ለዕረፍት ሲወጣ ለብርነሽ ደወለላት።

«በደህና ነው በሥራ ሰዓት ኮል ያደረግከው?»

«ደህና ነው። በሚቀጥለው ወር ሦስት ቀን አልኖርም።»

«የት ልትሄድ?»

«ባሕር። ሰሌዳው ውኃ መያዙን ማየት አለብኝ።»



«መኪና ውስጥ ሆነህ ነው የምታየው?» አለች ብርነሽ ቀስ ብላ።

ጎሳዬ እጁን አየ። በጣቱ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

«ቁምጣዬን ፈልጊልኝ» አላት።