ኢንጂነር ሄኖክ፣ ባትላሜራ

«እኔ የጻፍኩት ወረቀት ተመልሶ መጥቶ አያውቅም!» አለች ሥርጉት፣ ፈረስ መጋላ ካለው የነስሮ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ቆማ፣ አደባባዩ ሁሉ እንዲሰማት አድርጋ። «ሰው በዚህ በር ሲገባ አጭር ነው። ሲወጣ ግን፣ አቦ፣ ቁመቱን ራሱ አያውቀውም!»

እስከዚያ ቀን ድረስ ውሸት አልነበረም። ሥርጉት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው ትምህርቱ ከብዷት ሳይሆን፣ እሷ እንደምትለው፣ አስተማሪዎቹን ስለከበደቻቸው ነው። ነስሮ ከቀጠራት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከታላቅ ወንድሟ ጋር አብሮ የተማረ ስለሆነ «አንተ» ትለዋለች እንጂ አለቃዋ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ቀን አለቃው ማን እንደሆነ እሱም ይጠፋዋል። ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሮጡ ያየ ሰው የያዘው ሻይ ይቀዘቅዝበታል።

ስሟ የወጣው ግን በፍጥነቷ አይደለም፤ ሰው በማሳደግ ነው። ዘበኛው የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣና «የጥበቃ ሥራ አስተባባሪ» ሆኖ ይወጣል። መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ አፍ የሚሰፉት ሴትዮ «የማሸጊያ ጥራት ተቆጣጣሪ» ሆነው ሄደዋል። አንዱን ባጃጅ ነጂማ «የትራንስፖርት ዘርፍ ባለሙያ» ብላ ጽፋለት፣ ሰውዬው ወጥቶ ባጃጁን እንደ አዲስ ዞሮ ዞሮ አያት።

«አንድ ቀን እኔንም ሚኒስትር ታደርጊኛለሽ» ይላታል ነስሮ።

«ገና ነህ» ትለዋለች።

ወንድሟ ሄኖክ ባትላሜራ ነው፤ የተጣመመ የመኪና ገላ የሚያቃና። አቦከር ሰፈር ካለው ከጋሽ ዘውዴ ጋራዥ ከገባ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ሐረር ደግሞ ባትላሜራ ሥራ ፈትቶ የሚውልባት ከተማ አይደለችም። በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ የጁገል መንገድ ጠባብ ነው፣ ግንቡ ድንጋይ ነው፣ አሮጌዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ደግሞ ጎናቸው ሰፊ ነው። ግንቡ የላጠው በር፣ ግንቡ የጎረሰው የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎ፣ ሁሉም መጨረሻው ሄኖክ እጅ ላይ ነው። የእነዚያን መኪናዎች አዲስ በር የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ ሄኖክ አሮጌውን በር አዲስ ያደርገዋል።

ሥርጉት በወንድሟ ትኮራለች። የምታፍረው በቃሉ ነበር። «ወንድምሽ ሥራው ምንድነው?» ሲሏት «ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው» ብላ ወሬ ትቀይራለች። «ባትላሜራ» ሲባል ዝገትና መዶሻ ይታያታል፤ ቅባት የጠጣ ቱታ ይሸታታል። ሄኖክን የሚያህል ሰው በዚህ ቃል ሲጠራ፣ ትልቅ ሰው በሕፃን ጫማ የሚሄድ ይመስላታል።

የዝርዝሩን ወሬ ያመጣው አበበ ነው። አበበ ድሮ ከሄኖክ ጋር ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ አሁን አውስትራሊያ ነው። በስልክ ድምፁን ቀድቶ ላከ።

«ሄኒ፣ ስማኝ። እኔ ያለሁበት ክፍለ ግዛት የሚፈልጋቸውን ሙያዎች ዝርዝር አውጥቷል። ሙያህ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ክፍለ ግዛቱ ራሱ ዋስ ሆኖህ ቋሚ መኖሪያ ያሰጥሃል። ከሌለ ግን ጨረቃን ብታወርድላቸውም ዞር ብለው አያዩህም። በየዓመቱ ይቀያይሩታል፤ ዘንድሮ የገባው ከርሞ ይወጣል። ምዝገባው የወሩ መጨረሻ ዓርብ ይዘጋል። ፍጠን!»

ሄኖክ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቆ በሦስተኛው ያለፈ ሰው ነው። ይህን ዕድል ሲጠብቅ ትዳሩን ሳይቀር አዘግይቷል። ፎርሙን ግን ለእህቱ ሰጣት፤ ከእሷ የተሻለ ፎርም የሚሞላ ከየት ይመጣል?

«እንዳለ ሙይልኝ፣ እሺ? የሆንኩትን» አላት።

«ተወው ለእኔ» አለችው። እንዲህ ባለች ቁጥር ሰው ቢጠነቀቅ ጥሩ ነበር።

ዝርዝሩ ዐርባ ገጽ ነው፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሥርጉት አልከፈተችውም። ዝርዝር ለሚፈራ ሰው ነው ብላ በቀጥታ ወደ ፎርሙ አለፈች። «ሙያ» የሚለው ቦታ ስትደርስ አንገቷን ሰበር አድርጋ አሰበች፣ ፈገግ አለች፣ «ሜካኒካል ኢንጂነር» የሚለውን መረጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ኢንጂነሩ ሄኖክ በጋራዡ እንዲህ ነደፈ፣ እንዲህ መራ የሚል። ይዛው ወደ ጋሽ ዘውዴ ሄደች።

«ምን ይላል?» አሏት ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«ጥሩ ነገር ነው የሚለው፣ ጋሽ ዘውዴ።»

«ጥሩ ከሆነማ» አሉና ማኅተሙን እፍ ብለውበት መቱት።

ማታ ለእናቷ ለወይዘሮ በለጡ ሹክ አለቻቸው። በሳምንቱ ማኅበርተኛው ሁሉ ወይዘሮ በለጡን «የኢንጂነሩ እናት» ማለት ጀመረ። ሄኖክ መንገድ ላይ «ኢንጂነር!» ሲሉት የሰፈር ቀልድ መስሎት ይስቃል፣ ያልፋል። ሥርጉትም ከኋላው ደረቷን ነፍታ ትሄዳለች።

መልሱ የመጣው ረቡዕ ጠዋት፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አጭር ነበር። የመረጡት ሙያ ዘንድሮ ከክፍለ ግዛቱ ውጭ ላሉ አመልካቾች ክፍት አይደለም፤ ማመልከቻዎን አንመለከተውም።

ሥርጉት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝርዝሩን ከፈተች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቁልቁል ወረደች። ሜካኒካል ኢንጂነር አለ፤ ጎኑ ላይ ግን «እዚሁ እየኖሩ ለሚሠሩ ብቻ» ይላል። ወረደች። ምግብ አብሳይ፣ ግንበኛ፣ ነርስ። ወረደች። የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ደረሰችና ትርጉሙን ስታየው ጣቷ እዚያው ቆመ። የተጎዳ የመኪና ገላ በመዶሻ የሚያቃና፣ የተቀደደውን የሚበይድ፣ የተጣመመውን ወደ ነበረበት የሚመልስ። ጎኑ ላይ «የትም ቦታ ላሉ አመልካቾች ክፍት፤ በቅድሚያ የሚታይ» ተብሎ ተጽፏል።

ነስሮ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበ። «ይሄ ሄኖክ አይደል እንዴ?»

ሥርጉት መስመሩን እንደገና በጣቷ ተከተለች። ባሕር ማዶ ያሉ የማያውቁት ሰዎች ወንድሟን በስሙ ሊጠሩት ምንም አልቀራቸውም ነበር። እሷ ደግሞ በሌላ ስም ሸፍና ደብቃዋለች።

«ዝርዝሩ ተቀይሯል እለዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማን ያጣራል?»

«እኔ» አለ ነስሮ። ዝርዝሩን አትሞ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «ወላሂ ሥርጉት፣ ዛሬ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ። ሂጂ።»

እስከ አቦከር ድረስ ባጃጅ ውስጥ ዝርዝሩን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ጋራዡ ስትደርስ ሄኖክ ሰማያዊ ፔጆ ፊት ተንበርክኳል። ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉን በሩ ላይ እያንሸራተተ ነው።

«ሄኖክ።»

«ቆይ።» መዳፉ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። በጠመኔ ትንሽ ክብ ሠራ። «እ?»

«መልስ መጣ።»

ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ጋሽ ዘውዴም ከተቀመጡበት በርሜል ተነሡ።

«ምን አሉ?»

«ኢንጂነር አንፈልግም አሉ።»

«ኢንጂነሩ ማነው?»

«አንተ።»

ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ፎርሙን፣ ደብዳቤውን፣ ያላነበበችውን ዝርዝር። 

«ባትላሜራ ብለሽ አልጻፍሽም?» አላት ሄኖክ።

«አልጻፍኩም።»

«አፍረሽብኝ ነው?»

«ባንተ አይደለም! በቃሉ ነው።»

«ቃሉ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

ቢመታት ይሻላት ነበር። የጋሽ ዘውዴ ድምፅ ደግሞ ከኋላ መጣ። «ማኅተሜን! ዐርባ ዓመት አንድ የውሸት ወረቀት ያልነካውን ማኅተም! ጥሩ ነገር ይላል አላልሽኝም?»

«ጥሩ መስሎኝ ነው፣ ጋሽ ዘውዴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ ባትላሜራ ሆኜ አራት ልጅ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ምን ጥሩ ነገር አገኘሽልን?»

ሥርጉት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «እስከ ዓርብ ጊዜ አለ። የተሳሳተውን ሰርዞ አዲስ መላክ ይቻላል፤ አይቻለሁ። ግን የምትሠራውን አንድ በአንድ መጻፍ አለብኝ። እና… አላውቀውም። ምን እንደምትሠራ በደንብ አላውቅም።»

 ሄኖክ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ በእግሩ ገፋላት። «ቁጭ በያ።»

ቁጭ አለች። ያን ቀን ሙሉ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ጻፈች። ሄኖክ የበሩን የውስጥ ልባስ ሲያወልቅ ጻፈች። የጎደጎደውን ከውስጥ በትንሹ መዶሻ ሲያወጣው፣ ከውጭ ብረት ደግፎ ሲይዘው፣ ብረቱ እንዳይሳሳ ምቱን ሲቆጥብ ጻፈች።

«ለምን ዐይንህን ትጨፍናለህ?»

«ዐይን ቀለም ስለሚያይ ይሸወዳል። እጅ አይሸወድም።»

ይህንንም ጻፈች። የተቀደደውን ጥግ በይዶ ዘጋው። ጉድጓድ መሙያውን ስቱኮ የቀባው እንደ ቅጠል ስስ አድርጎ ነው። «ብዙ ስቱኮ የሚለጥፍ ባትላሜራ አይደለም፣ ቀቢ ነው» አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ አሁንም እንደተቆጡ ናቸው፣ ግን ይጻፍልኝ የሚል ድምፅ አላቸው። ጻፈችው። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሄኖክ መኪናውን ወደ ብርሃኑ ገፍቶ አዞረው። ብርሃኑ ከፊት ፓራፋንጎ ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራት ድረስ አንድም ቦታ ሳይሰበር እንደ ክር ተዘረጋ። ጠዋት እዚያ ቦታ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበር። ሥርጉት እርሳሱን አስቀመጠችና ተነሥታ መዳፏን በሩ ላይ አሳለፈች። ዐይኗን ጨፍና። ምንም የለም፤ ልስልስ ያለ ብረት ብቻ። ኩራት ደረቷን ሞላው፤ ይኸኛው ግን አንዲት ቃል እንኳ ማሳደግ አላስፈለገውም።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ስትተይብ ልማዷ አልለቀቃትም፤ «እጅግ የላቀ ችሎታ ያለው» ብላ ጀመረች። ሄኖክ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«አጥፊው።»

«ግን እውነት ነው!»

«አጥፊው አልኩሽ። በሩን ጻፊ፣ ይበቃል።»

አጠፋችው። መጨረሻ ላይ ግን ማንም ሳያዛት አንድ መስመር ጨመረች፤ «የመጀመሪያውን ፎርም በስህተት የሞላሁት እኔ እህቱ ነኝ። እሱ አላየውም።» ጋሽ ዘውዴ፣ ነስሮ ጠቅላላውን በአማርኛ ካልተረጎመልኝ ማኅተሙን ከኪሴ አላወጣም አሉ። ነስሮ ቃል በቃል አነበበላቸው። «ባትላሜራ» የሚለው ጋ ሲደርስ «ድገመው» አሉት። ደገመው። ማኅተሙን መቱት። ከቀትር በኋላ ተላከ።

አምስት ሳምንት አለፈ። ሥርጉት በዚያ ሁሉ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ አልፎከረችም። አንድ ዘበኛ መጥቶ «ጥሩ አድርጊልኝ» ሲላት «ዘበኛ ነህ፣ ስንት ዓመት? ስንት በር?» ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ሲቆጥር ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነና እሱም ደነገጠ።

መልሱን ያየችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እስከ አቦከር ባጃጁ ውስጥ ቆማ ልትሄድ ምንም አልቀራት፤ ነስሮም ሱቁን ዘግቶ ከኋላዋ መጣ። ክፍለ ግዛቱ ሄኖክን በዋስትና ተቀብሎታል። የሙያ ፈተናና ጥቂት ወረቀት ይቀራል፤ በሩ ግን ተከፍቷል። ጋሽ ዘውዴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወይዘሮ በለጡ ወሬውን ሰምተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲደርሱ፣ የጎረቤቱ ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ነበር።

«ምን ተገኘ፣ የኢንጂነሩ እናት?» አለ አንዱ።

«ምን ኢንጂነር ትለኛለህ!» አሉት። «ልጄ ባትላሜራ ነው! ሰምተሃል? በዝርዝር የሚፈለግ ባትላሜራ!» እልልታቸውን ለቀቁት።

ነስሮ «ማሻአላህ» እያለ ሄኖክን አቀፈው። ሄኖክ ግን ዐይኑ እርጥብ እንዳይታይበት ይመስላል፣ ወደ ጀመረው በር ተመልሶ ተንበረከከ።

ሥርጉት አምስት ሳምንት አፏን ይዛ ኖራለች፤ ከዚህ በላይ አልቻለችም። በርሜሉ ላይ ወጣች።

«ማን ጻፈው? እኔ! ቁጭ ብላ ቀን ሙሉ የጻፈችው ማናት? እኔ! እንዲህ ያለ ጸሐፊማ ክፍለ ግዛቱ ራሱ ያስፈልገዋል፤ ነገ ተነሥተው ሥርጉትን ላኩልን ነው የሚሉት! እስቲ ዝርዝሩን አምጡልኝ፣ የእኔ ሙያ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ላሳያችሁ!»

ሄኖክ መዳፉን ከበሩ ሳያነሣ፣ ዐይኑንም ሳይገልጥ፣

«አይቼዋለሁ» አላት። «የለሽበትም።»