በሁለት ጣት የተነሳው ቁስለኛ

አያት ወደ ማተሚያ ቤቱ የጀርባ አዳራሽ የሄዱት ለጦርነት አልነበረም፤ ለሹራብ ነው። የልጅ ልጃቸው በስስ ሸሚዝ ወጥታለች። የአዳራሹ መስኮት ከተከፈተ ብርዱ፣ ከተዘጋ የቀለሙ ሽታ ደረቷን ይዘጋዋል። በየትም በኩል ቢያስቡት ልጅቷ አንድ ነገር ሳትሆን አትመለስም።

በሩን ሲገፉ አራት ጠረጴዛ ተገጣጥሞ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። ሰማያዊ የተቀባ ወንዝ፣ ከክብሪት እንጨት የተሠራ ድልድይ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ወታደሮች። ልጅቷ በቀጭን ብሩሽ የአንዱን ወታደር የደረት ቁልፍ ትቀባለች።

«እማዬ! ሹራብ ነው አይደል?»

«አትሳቂ፣ ልበሺው።»

የጦርነት ጨዋታው ዳኛ ጡረታ የወጣ የካርታ ነዳፊ ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሏል። «ይግቡ እማማ» አላቸው። «የድልድዩ ውጊያ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሆነውን እንዳለ ነው ያስቀመጥነው። ቅዳሜ ተማሪዎች ያዩታል።»

አያት ወንበር ሳቡ። ያን ድልድይ ያውቁታል። ባለቤታቸው ነፍሱን ይማረውና ከዚያ የተመለሰው ግራ ትከሻው ዘምሞ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ለተማሪዎቹ የሚታደለውን ወረቀት አነሱ። «የድልድዩ ሻምበል ጦር፤ ጽናቱ ዝቅተኛ። የሚወረወረው ዳይስ ከአራት በታች ካወጣ ይሸሻል።»

«ማነው የሚሸሸው?»

«ሻምበል ጦሩ ነዋ። ያለ ትእዛዝ ድልድዩን ለቀው ወጥተዋል፤ ተጽፏል።»

«አያትሽ እዚያ ነበር» አሉ ወደ ልጅቷ ዞረው። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ወታደር እንደነበር እንጂ የት እንደነበር ማንም ነግሯት አያውቅም። ባላቸው ለልጆቹ አላወራም፤ እሳቸውም አብረው ደበቁ።

ዳኛው ደነገጠ። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ሊያሳያቸው ዳይሱን ወረወረ፤ ጠላት ተኮሰ፤ አንዱ ተመታ። ዳኛው በሁለት ጣት አንስቶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለው።

«ወዴት ወሰድከው?»

«ከጨዋታ ወጣ፣ እማማ።»

«ሞተ?»

«ሞተም ቆሰለም ለእኛ አንድ ነው።»

«ለእናቱ አንድ አይደለም!» ጠረጴዛውን ሲመቱት ሁለት ወታደር ተገለበጠ። «ማን ተሸከመው? ንገረኝ! አንተ በጣትህ ብድግ አደረግከው። ለእነሱ እንዲህ ያለ ጣት ከሰማይ አልወረደላቸውም!»

ዳኛው ሜትሩን ይጠቀልል ይፈታ ጀመር።

«ለአንድ ቁስለኛ ሁለት ሰው» አሉ አያት። «የሐኪሙ ድንኳን የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ቃሬዛ የያዘ እጅ አይተኩስም። ባሌ አንዴ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ትከሻውን በሙቅ ውሃ ሳሽለት። ይህን ሕግህ ውስጥ አስገባ!»

«እንዲያማ ከሆነ ጨዋታው ይበላሻል፤ የሚያሸንፍ አይኖርም።»

«ይበላሻ! ማን አሸነፈና?»

«እንሞክረው» አለች ልጅቷ። ድምጿ ቀጥኗል፤ ዳይሱን ግን አንስታዋለች።

ሠላሳ ወታደር ድልድዩ ላይ አቆሙ። አንዱ በተመታ ቁጥር ልጅቷ ከድልድዩ ሁለት ተሸካሚ አንስታ ከቁስለኛው ጋር ከኋላ ባለው መንገድ አሰለፈቻቸው። ዘጠነኛው ሲወድቅ ድልድዩ ላይ ሦስት ሰው ቀረ። አንድም የሸሸ የለም። ሁሉም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው፤ በሁለት ተሸካሚ መሃል አንድ ቁስለኛ። ከፊተኞቹ የአንዱ ቁልፍ ቀለም ገና አልደረቀም።

«ሦስት ሰው ድልድይ አይዝም» አለ ዳኛው። «ለከርሞ አስተካክለዋለሁ። አሁን የወረቀቱ ሃምሳ ቅጂ ታትሟል።»

«ለከርሞ? ማተሚያ ቤት ጓሮ ተቀምጠህ?»

«ማሽኑ እስከ ሰኞ ተይዟል፣ እማማ።»

«እጅህስ ተይዟል?»

ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

«በእርሳስ አይደለም።»

እስክሪብቶ ተፈለገ። ዳኛው «ይሸሻል» የሚለውን እየሰረዘ፣ ልጅቷ ከጎኑ «ቁስለኞቹን ተሸክሞ ወጣ» እያለች ጻፈች። አያት እያንዳንዱን ወረቀት መስኮቱ ዘንድ ወስደው ብርሃን ላይ ያዩታል። ሠላሳኛው ላይ ልጅቷ ጣቶቿን አፍታታች። ሌላ ቀን ቢሆን «እጅሽን አሳርፊ፣ የኔ እናት» ባሏት ነበር። ዛሬ ወረቀቱን መልሰው ፊቷ አኖሩት።

«ይሄኛው ላይ ‹ይሸሻል› ከስረዛው ሥር ይነበባል» አሉ። «ድገሙት።»