ሠላሳ ሰባት እሺ

በረዶ የሚሏት ፍሪጅ ስለምትጠግን ነው እንጂ ጠባይዋስ እሳት ነው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጥገና ክፍል ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ ፍሪጅ ጠፍቶ አድሮ መድኃኒት በተበላሸ ቁጥር ጠዋት የሚጮኸው እሷ ላይ ነበር። መረራትና አንዲት የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ሠራች። ፍሪጁ መሞቅ ሲጀምር መሣሪያዋ ለባለቤቱ ስልክ ትደውላለች።

ወሬው የደረሰው አንድ ባለሀብት አስጠራትና ሦስት መቶ የምታመርትበት ገንዘብ ልስጥሽ አላት። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ይገዛል? መልሷን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ በዚያው ዕለት ሥራዋን ልትለቅ ቆርጣለች። ቦታዋን የሚመኙ ሁለት ባልደረቦች ስላሏት አንዴ ከወጣች መመለሻ የላትም።

ገዢ የማፈላለጉ ሥራ የታላቅ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ አፈ ማር ነው፤ ከግድግዳ ጋር ቢያስቀምጡት ግድግዳውን ያስቀዋል። በሁለት ሳምንት ሠላሳ ስምንት መድኃኒት ቤት አዳርሶ ዝርዝሩን ይዞላት መጣ። ሠላሳ ሰባቱ ፊት ለፊት «እሺ» የሚል ተጽፏል። በሠላሳ ስምንተኛዋ ትይዩ ግን «ነገረኛ ሴትዮ፣ ተያት» ይላል።

ሰኞ ከሥራ በኋላ ወጥ ቤት ተቀምጠው የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ሲያረቁ እናታቸው ደወለች። በረዶ እሑድ ለምሳ እንድትመጣ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ ጨዋ የባንክ ሠራተኛ፣ እንዲያው ድንገት ብቅ ማለቱ አይቀርም። በረዶ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

«ትሄጃለሽ?» አላት ወንድሟ።

«ምን አባቴ ልሠራ እሄዳለሁ!»

«እሺ አልሻት እኮ።»

«እሺማ አልኳት። ታዲያ ምን ልበላት?»

ይህን ብላ አፏን ሳትዘጋ ዓይኗ ዝርዝሩ ላይ ወደቀ። እሺ ማለት አዎ ነው። እሺ ማለት ሰምቻለሁ ነው። እሺ ማለት እባክህ ሂድልኝ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል ማለትም ነው። ወንድሟ ሁሉንም በአንድ ረድፍ ደርድሯቸዋል። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም፤ እሷ ራሷ ዝርዝሩን ስታይ ደስ ብሏት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም።

አሁን ጠየቀች። ከእነዚህ መካከል ስለ መሣሪያዋ አንድ ነገር እንኳ የጠየቀህ ማን ነው አለችው። ወንድሟ አሰበ፣ አገጩን አሸ፣ ከዚያ ቅር እያለው ነገረኛዋ ብቻ ናት አለ። መብራት ሲጠፋስ? ስልኬን ባልሰማስ? እያለች ግማሽ ሰዓት ልቤን አወለቀችው አለ።

በረዶ የነበሯት አራት መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። በማግሥቱ ሦስቱን ከሁሉ ይበልጥ ሞቅ ያለ እሺ ላሉት፣ አራተኛዋን ለነገረኛዋ ሰጠች። ሞክሯት፣ ዓርብ መጥቼ እወስዳለሁ ብላ ሄደች።

ዓርብ የመጀመሪያው ሰውዬ መሣሪያዋን ከነካርቶኗ፣ ከነማሸጊያዋ መለሰላትና በጣም ግሩም ናት ብሎ መረቃት። ሁለተኛው ሶኬቱ ለሬዲዮ ስላስፈለገው ነቅሏታል። ሦስተኛዋ የት እንዳስቀመጠቻት ጠፍቷት መደርደሪያ ሥር ተንበርክካ ፈለገች። በረዶ አራተኛው በር ጋ ስትደርስ የመልቀቂያ ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ነገረኛ የተባሉት ሴትዮ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። መሣሪያዋን በቁስል ፕላስተር ፍሪጁ ላይ አጣብቀው «የነካ ወዮለት» ብለው ጽፈውባታል። ሰላምታ እንኳ ሳይመልሱ ጀመሩ። ሽቦው የፍሪጁን በር አላስዘጋ ብሏል። የምትደውለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቁልፏ ለወፍራም ጣት አይመችም። በማዘዣ ወረቀት ጀርባ የጻፏቸው ነቀፋዎች ስድስት ናቸው። ረቡዕ ዕለት ጽዳት ሠራተኛዋ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ የፍሪጁን ሶኬት ነቅላ ወጥታለች። ሴትዮዋ ጥሪውን የሰሙት ቤታቸው ገላቸውን ሲታጠቡ ነው፤ ሳሙናው ከፀጉራቸው ሳይለቅ ሮጠው ኢንሱሊኑን አትርፈዋል። አምና እንዲሁ ሲሆን የሚደውል ስላልነበረ ሁሉንም ጥለውታል።

«እንግዲያው ልውሰዳትና አስተካክዬ ላምጣልዎት» አለች በረዶ።

«እጅሽን ሰብስቢ። ሌላ እስክታመጪ ይቺ ከዚህ ንቅንቅ አትልም።»

በረዶ በሩ ላይ ወጥታ ለባለሀብቱ ደወለች። እሺ ያሉት ሠላሳ ሰባት ናቸው፣ የሚፈልግ ግን እስካሁን ነገረኛ የሚባሉ አንዲት ሴትዮ ብቻ አግኝቻለሁ፤ ሦስት መቶው ይቅርና ሃያ ብቻ ልሥራ፣ ሥራዬንም ለጊዜው አልለቅም አለችው። አበቃልኝ ብላ ስታስብ ሰውዬው ሴትዮዋ ምን ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ስድስቱንም ነገረችው።

«ሃያውን ሥሪ» አላት። «ግን እንደ እሳቸው ያሉ ሃያ ነገረኞች ፈልጊ።»

ስልኩን ሳታስቀምጥ ሴትዮዋ መነጽራቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ሰባተኛውን ረስቼው» አሉ። «ዋጋዋ ስንት ነው?»

በረዶ ከገዢ አፍ ይህን ጥያቄ ስትሰማ ገና የመጀመሪያዋ ነበር።