የጠራው ናፍጣ

ታላቅ ወንድሜ የአምቡላንስ ሹፌር ነው። እኔ ደግሞ ከድንጋይ የሚወጣ ዘይት ተጣርቶ ናፍጣ በሚሆንበት ፋብሪካ፣ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የሱ መኪና የሚጠጣው የእኛን ናፍጣ ነው።

አንድ ቀን አብራው የምትሠራው ነርስ ታክሲ ተራ አገኘችኝ።

"አልነገረሽም እንዴ? ምጥ የያዛት ሴት ጭነን መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ እናቲቱ እዚያው ወለደች። ተመስገን፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። የናፍጣ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ሙጫ ሞልቶት ነው አሉ።"

ቤት ስገባ ወንድሜን "ለምን ደበቅከኝ?" አልኩት።

"ሥራሽ ላይ ነገር እንዳይመጣብሽ ብዬ ነዋ" አለና አሮጌውን ፊልትሮ ከመኪናው አውጥቶ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ሙጫውን መረመርኩት። የድንጋይ ዘይት ናይትሮጅን ይበዛዋል፤ በሃይድሮጂን በደንብ ካልታጠበ ናፍጣው ሲሰነብት ይጠቁርና ሙጫ ይሠራል። የማጠቢያው ካታሊስት፣ እጥበቱን የሚያፋጥነው ጠጠር መሰል ነገር፣ አርጅቶ ነበር። እኛ ደግሞ የምንፈትሸው ገና የወጣውን ትኩስ ናፍጣ ብቻ ስለነበር አልነቃንም።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። ወሬ ስለማያበዙ ጋሽ ዝምታ ነው የምንላቸው። ሙጫውን በጣታቸው አሹት።

"ምን ይሻላል ልጄ?"

"ማጠቢያው ቆሞ ካታሊስቱ ቢቀየር፤ የተሸጠውም ተመልሶ እንደገና ቢጣራ።"

"ማጠቢያው ሲቆም ሥራ አስኪያጁም እላዬ ላይ ይቆማሉ" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ "ይቁም" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ እንደተባለው መጡ። "ይህ ሁሉ በአንዲት ልጅ ወሬ?" ሲሉ ጋሽ ዝምታ ከወንበራቸው ተነሡ።

"በእኔ ቃል ነው። ከተሳሳትን የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

አባቴ እንኳ እንዲህ ቆሞልኝ አያውቅም።

ካታሊስቱ ተቀየረ፤ የሃይድሮጂኑም ግፊት ከፍ ተደረገ። የመጀመሪያው ናፍጣ አሁንም ደፍረስ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የወጣው ግን እንደ ውሃ ጠራ። ምድጃ ውስጥ በሙቀት አሰንብቼ ባየውም አልጠቆረም። ጋሽ ዝምታ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥተው ብዙ አዩት።

"እሰይ የኔ ልጅ" አሉ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። ፋብሪካችን ድረስ መጥቶ የጋሽ ዝምታን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"እህቴን ስላመኗት እግዜር ይስጥልኝ።"

ጋሽ ዝምታ "ና፣ ሻይ እንጠጣ" አሉትና ትከሻውን ይዘውት ሄዱ። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ እንባዬን በጋዋኔ እጅጌ ጠረግኩ። እንዲህ ያለ ወንድምና እንዲህ ያለ አለቃ፣ ሁለቱ ባንድ ላይ፣ ለስንቱ ሰው ይገጥማል?