የቤት ስም፣ የወረቀት ስም

ባሌ ሙህዲን የአይሱዙውን ጎማ በቀን ሦስት ጊዜ በእግሩ እየመታ የሚፈትሽ ሰው ነው። ዘይት ያያል፣ ፍሬን ያያል፤ እሑድ ለሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ለባቲ ገበያ ከብት ሊጭን ሲወጣ መኪናዋን አንድ ጊዜ ሳይዞራት አይነሳም። የሕይወት ኢንሹራንሱን ውል ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ገልጦ አያውቅም። ክፍያውን በየዓመቱ ይከፍላል፣ ደረሰኙን በላስቲክ ይጠቀልላል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ይወረውራል፤ በቃ፣ አለቀ።

እኔም ብሆን ልዋሽ አልፈልግም። ከሚሴ ገበያ ላይ ጨርቅ ስለካ አንዲት ጣት የማታልፈኝ ሴት፣ የራሴን ቤት ወረቀት አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን የገለጠችልኝ ጎረቤቴ አመልማል ናት። ባሏ ሣህሌ እንደ ሙህዲን ሹፌር ነበር፤ ባለፈው ክረምት በመኪና አደጋ ሞተ። ኢንሹራንስ አለው ብለን ተጽናንተን ነበር። ወረቀቱ ሲታይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ወንድሙ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሣህሌ ውሉን የገባው ሳያገባ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የራሱ ስድስት ልጆች አሉት። አመልማል እስከ ዛሬ ደጅ ትጠናለች።

ይህን በሰማሁ በማግስቱ ወንበር ላይ ወጥቼ ያንን ጥቅል አወረድኩት። አቧራውን አራግፌ «ተጠቃሚዎች» የሚለውን ፈልጌ አገኘሁ። ሁለት ሰው ብቻ ተጽፏል። ልጅ፣ ሙስዐብ ሙህዲን። ሚስት፣ መስታወት አብዶ። ከሙስዐብ በኋላ የተወለዱት ፋይዛና አንዋር የሉም። እኔም የለሁም።

መስታወት ማለት እኔ ነኝ፤ አባቴ ያወጣልኝ ስም ግን ሱዓድ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። አማቴ እማ ሰገነት በሠርጌ ሰሞን እጄን ይዘው «ቤቴን የምታበራ መስታወት ናት» አሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በባሌ ወገን ሁሉ መስታወት ሆንኩ። ሙህዲንም ቅጹን ሲሞላ ሙስዐብን የወለድኩ ሰሞን ነበርና በቤት የሚጠራኝን ስም ጻፈ። የጋብቻ ወረቀቴ፣ የቀበሌ መታወቂያዬ፣ ፋይዳዬ፣ ሁሉም ሱዓድ ነው የሚሉት። መስታወት አብዶ የምትባል ሴት አንድም ወረቀት የላትም።

ሙህዲን ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁት።

«መስታወት ማናት?» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺ ነሻ!»

«መታወቂያዬ ላይ ማን ነው የሚለው?»

ሳቁ ተቋረጠ።

«አንድ ነገር ብትሆን ይቺን መስታወት ከየት ነው የማመጣት? ፋይዛና አንዋርስ ያንተ ልጆች አይደሉም?»

«አፍሽን ለበጎ ክፈቺው!» ብሎ ጮኸ። «ሞቴን ነው የምትጠብቂው?»

«ለመኪናዋ በየዓመቱ ቦሎ የምታሳድሰው መገልበጧን እየጠበቅክ ነው እንዴ?»

ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ወጣ። እንደ ልማዱም አኮረፈ። ሦስት ቀን ሙሉ በልጆቹ በኩል ነበር የምንነጋገረው። በአራተኛው ቀን የልቡን አወጣው። «እናቴ ያወጣችልሽን ስም እኔ በገዛ እጄ ላሰርዝ? ብትሰማ ምን ትለኛለች? ስሜን ጣሉት ብላ ታለቅሳለች» አለኝ።

ደሜ ፈላ። አማቴን አከብራቸዋለሁ፤ ግን የሦስት ልጆቼ እንጀራ ለአንዲት ሴት ኩርፊያ ሲባል እንደ አመልማል ደጅ ጥናት ላይ እንዲወድቅ አልፈቅድም። ውሉን በቦርሳዬ ከትቼ፣ ሱቄን ለእህቴ ትቼ፣ በባጃጅ አማቴ ወደሚኖሩበት ወደ ጨፋ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ከተቆጡኝ የምመልሰውን ደግሞ ይበልጥ አዘጋጀሁ።

እማ ሰገነት ማሽላ ውስጥ ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ሲያዩኝ ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱ።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ በሰላም ነው? ልጄ ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ እማ። የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» አልኩና ያዘጋጀሁትን ሁሉ ረስቼ እንደመጣልኝ ዘረገፍኩት። የሣህሌን ነገር፣ የልጆቹን ነገር፣ በመጨረሻም የስሙን ነገር። ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ወንጭፋቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እኔንም ጎትተው አስቀመጡኝ።

«ሰገነትም አማቴ ያወጣችልኝ ስም ነው» አሉ። «የሙህዲን አባት ሲሞት ሙህዲን ገና ጀርባዬ ላይ ነበር። ደርግ ጊዜ ነው። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ መሬቱ በባሌና በሰገነት ስም ነው የተጻፈው። የባሌ ወንድም ሸንጎ ፊት ቆሞ ሰገነት የምትባል ሴት አላውቅም፣ የዚች ስም ሌላ ነው አለ። ወላሂ! ስሙን ያወጣችልኝ አማቴ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችልኝም።»

«ታዲያ መሬቱን እንዴት አገኙት?»

«ሦስት ዓመት ተመላልሼ ነዋ! ልጅ አዝዬ፣ ምስክር እየለመንኩ። ይኸው፣ የተቀመጥንበት ማሳ እሱ ነው።» ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ስም ያወጣሁልሽ ቤቴ ውስጥ እየጠራሁሽ ልደሰት ነው እንጂ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንድትሄጂ አይደለም። ያ ልጅ የት ነው ያለው አሁን?»

«ነገ ኮምቦልቻ ጭነት አለው።»

«እኔም ነገ ጭነት ነኝ» አሉ።

በማግስቱ ሙህዲን ሞተር ሊያስነሳ ሲመጣ እናቱን በማለዳ ከጨፋ መጥተው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ምን እንደተባባልን ሳይጠይቅ ገባው፤ ጆሮው ቀላ።

«እማ፣ ስሙን እኮ ያወጣሽው አንቺ...»

«ንዳ!» አሉት።

ነዳ። ጭነቱን እንዳራገፈ የኢንሹራንሱ ቢሮ ገባን። ያስተናገደን ይበልጣል የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። የድሮውን ውል አየና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ አንተ እዚህ በሕይወት ቆመህ እያለ ይህ የአንድ ፊርማ ሥራ ነው። በኋላ ቢሆን ግን ባለቤትህ ይቺ ሰው እኔ ነኝ ብላ ፍርድ ቤት ማስረዳት ሊኖርባት ነበር» አለው። እማ ሰገነት ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት።

አዲሱ ቅጽ ተሞላ። ሱዓድ አብዶ፣ ሚስት። ስሜን በዚያ ወረቀት ላይ ሳየው በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ደስታም ሳያስለቅስ አይቀርም። ቀጥሎ ሙስዐብ፣ ፋይዛ፣ አንዋር፤ የልደት ወረቀታቸውን አንድ በአንድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ሙህዲን ብዕሩን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት።

«እናትህስ?» አልኩት። «አንተ ባትኖር እሳቸውን ማን ይጦራል? የድርሻቸውን ጻፍላቸው።»

እማ ሰገነት «እኔን ተዉኝ» ማለት ጀመሩ፤ እኔም በተራዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኋቸው። ሙህዲን ደስ አለው፤ ከሁሉም በላይ በዚህኛው ነው ፊቱ የፈካው። «ጻፍልኝ» አለ ለይበልጣል። «እናት፣ ሰገነት...»

«መታወቂያቸውን ልይ» አለ ይበልጣል።

ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሰጡት። ይበልጣል አየው፣ ሙህዲንን አየው፣ እንደገና መታወቂያውን አየው።

«አስያ ይማም ነው የሚለው።»

«የሌላ ሰው ይሆናል» አለ ሙህዲን።

«የእኔ ነው» አሉ እናቱ።

ሙህዲን አርባ አንድ ዓመቱ ነው። መታወቂያም ፋይዳም ያወጣችላቸው እህቱ ናት፤ እሱ የእናት ስም በተጠየቀበት ቅጽ ሁሉ ላይ ሰገነት እያለ ሲጽፍ ነው የኖረው። ብዕሩን እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ፤ ድምፁ የአንዋርን መሰለ።

«እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

 ከዚያ ሙህዲን የሚባለው ሞገደኛ ባሌ፣ ወረቀት ሲያይ እባብ ያየ ይመስል የሚሸሸው ሰው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎተተ። ቅጹን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከልደት ወረቀቱ ጋር አስተያየ። የእኔን ከፋይዳዬ ጋር አስተያየ። የእናቱን ሁለት ጊዜ አስተያየ። ከዚያ ፈረመ።

«በየዓመቱ ልትከፍል ስትመጣ እንዲህ አንብበህ ክፈል» አለው ይበልጣል። «ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲያልፍ፣ ኑሮ ሲለወጥ ወረቀቱም መለወጥ አለበት።»

«አሁኑኑ ቀጠሮ ያዝልኝ» አለ ባሌ። «የሚመጣው ዓመት ላይ። ቀኑን ጻፍልኝና ለሚስቴ ስጣት፤ እኔ እረሳለሁ።»

ቢሮ ባይሆን ኖሮ እልል ባልኩ ነበር። ቀኑን ተቀብዬ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት፤ አመልማል ትዝ አለችኝና ለእሷም አላህን ለመንኩላት።

ስንመለስ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ነበርን፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ጭኔ ላይ ነው። እማ ማንበብ አይችሉም። ጥቂት እንደሄድን በጣታቸው ወረቀቱን ነካ አደረጉት።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ሱዓድ።»

ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህ ስም ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ሱዓድ አብዶ፣ ሙስዐብ ሙህዲን፣ ፋይዛ ሙህዲን፣ አንዋር ሙህዲን፣ አስያ ይማም። የመጨረሻው ስም ላይ ስደርስ አማቴ እንደ ልጃገረድ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ድገሚው» አሉኝ። መንገዳችን ላይ ያለችው ሐርቡ ሳንደርስ አራት ጊዜ አነበብኩላቸው።